ኔትወርኩን ሳያውቁ ስልክ አይግዙ፦ የስማርትፎንና የሞባይል ኦፕሬተር አመራረጥ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው ስልክ የሚገዛው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው። ካሜራው ይታያል፣ ቀለሙ ይመረጣል፣ በዋጋ ይከራከሩበታል፤ ሲም ካርዱ የሚገባው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ስልኩ የኦፕሬተሩን ዋና ሞገድ እንደማይቀበል የሚታወቀውም ያኔ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ በሚውሉበትና በሚያድሩበት ቦታ በደንብ የሚሠራው ኔትወርክ ይለያል፤ ቀጥሎ ያንን ኔትወርክ ሙሉ ለሙሉ የሚጠቀም ስልክ ይመረጣል፤ ጥቅሉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የ2ጂና የ3ጂ ኔትወርኮች በየአገሩ እየተዘጉ ባሉበት በዚህ ጊዜ ስህተቱ የሚያሳጣው ፍጥነትን ብቻ አይደለም፤ ጥሪውንም ጭምር ነው።

የሚፈጁትን ዳታ በቁጥር ይወቁ

በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክና ኢንተርኔትን ክፍል ከፍተው የዳታ አጠቃቀምን ይመልከቱ፤ ያለፉትን ወራት ለየብቻ ያሳያል። በአይፎን ግን ይጠንቀቁ። እዚያ የሚታየው ቁጥር በየወሩ በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መጨረሻ ላይ በእጅ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ያለውን ሁሉ ይደምራል። ስለዚህ ዛሬ ወደ ዜሮ ይመልሱትና ከአንድ ወር በኋላ ያንብቡት።

ልኩን በግምት ለመያዝ፦ በሴኮንድ 160 ኪሎቢት የሚለቀቅ ሙዚቃ በሰዓት 72 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በከፍተኛ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ ግን በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል። ጥቅልዎን የሚጨርሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቪዲዮ ነው። የቪዲዮውን ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ብቻውን የሚገዙትን ጥቅል ሊቀይረው ይችላል።

ሲግናሉን በመስመሮቹ ብዛት አይፍረዱ

ስክሪኑ አናት ላይ ያሉት መስመሮች ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ የላቸውም። አንዱ ስልክ ሦስት መስመር የሚያሳይበት ቦታ ላይ ሌላው አራት ያሳያል። ትክክለኛው ቁጥር የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ በሆነው በዲቢኤም የሚገለጸው ነው። በአንድሮይድ ስለ ስልኩ ከሚለው ክፍል ውስጥ የሲም ሁኔታ የሚለውን ይክፈቱ። በአይፎን ዋይፋይን አጥፍተው *3001#12345#* ብለው ይደውሉ፤ የመሞከሪያ ገጽ ይከፈታል።

ቁጥሩ ኔጌቲቭ ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። በ4ጂ ላይ ከ−80 የተሻለ በጣም ጥሩ ነው። ከ−80 እስከ −95 ጥሩ፣ እስከ −105 የሚያሠራ፣ ከ−105 እስከ −115 ደካማ ነው። ከ−115 ሲወርድ ጥሪ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ ስልኩ ከኦፕሬተሩ የአንቴና ምሰሶ ጋር ለመነጋገር ያለውን ኃይል ሁሉ ስለሚያወጣ። የ10 ልዩነት ትንሽ መስሎ እንዳይታይዎት፦ −100 ማለት ከ−90 ጋር ሲነጻጸር በ10 እጥፍ ያነሰ ኃይል ነው።

ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፍበት ጊዜ አለ። ያኔ ችግሩ ከምሰሶው ርቀት ሳይሆን ከመጨናነቅ ወይም ከሌሎች ምሰሶዎች ጣልቃ ገብነት ነው፤ አዲስ ስልክ መግዛት አይፈታውም።

አንድን ኦፕሬተር ለመሞከር ያለዎትን መስመር መተው አያስፈልግም። ቅድመ ክፍያ ሲም ወይም የመሞከሪያ ኢ-ሲም (ያለ ካርድ በስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) በሁለተኛው ቦታ ያስገቡና ዳታውን ወደ እሱ ያዙሩ። ንጽጽሩ እንዳይዛባ ሁሉንም ኦፕሬተሮች በአንድ ስልክ ይለኩ፣ ምክንያቱም የስልክ አንቴና ከስልክ ስልክ ይለያያል። የሚለኩባቸው ቦታዎች አልጋዎ አጠገብ፣ የሥራ ጠረጴዛዎ ላይ፣ ዘወትር የሚመላለሱበት መንገድና ምድር ቤት ይሁኑ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፦ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት። ሌሊት ላይ ሁሉም ኔትወርክ ፈጣን ነው፤ እውነቱ የሚወጣው ሰው ሁሉ ስልኩን በሚነካበት ሰዓት ነው።

ፍጥነት ሲለኩ ማውረጃውን ብቻ አይመልከቱ። የመጫኛ ፍጥነትና መዘግየት ለቪዲዮ ጥሪ የበለጠ ይመዝናሉ። የፍጥነት መለኪያ አፕ ዳታ እንደሚበላም ያስቡበት። በሴኮንድ 300 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር ላይ የ10 ሴኮንድ ማውረጃ ብቻ 375 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በትንሽ ጥቅል ላይ አራት ጊዜ ቢለኩ አለቀ።

የኦፕሬተሮችን የሽፋን ካርታ እንደ መነሻ ብቻ ይውሰዱት። ካርታው በአብዛኛው በኮምፒውተር ስሌት የተሠራ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚያሳየውም ከቤት ውጭ ያለውን ሽፋን ነው። የራሱ ምሰሶ የሌለው፣ የሌላውን ኔትወርክ ተከራይቶ የሚሸጥ ኦፕሬተር ካጋጠመዎት ደግሞ የማንን ኔትወርክ እንደሚጠቀም ይጠይቁ። ዋጋው ሊረክስ ይችላል፤ ነገር ግን ኔትወርኩ ሲጨናነቅ የባለቤቱ ደንበኞች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይችላል።

ሞገዱ ከስልኩ ጋር ይገጥማል ወይ?

ከ600 እስከ 900 ሜጋኸርዝ ያሉት ዝቅተኛ ሞገዶች ሩቅ ይሄዳሉ፣ ግድግዳም ዘልቀው ይገባሉ፤ ፍጥነታቸው ግን ውስን ነው። ከ1,700 እስከ 2,600 ሜጋኸርዝ ያሉት መካከለኛ ናቸው። 5ጂ በብዛት የሚሠራበት 3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ፈጣን ቢሆንም ወፍራም ግድግዳ ያደክመዋል። ከ24 ጊጋኸርዝ በላይ ያለው ሚሊሜትር ሞገድ እጅግ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ቅጠል፣ መስታወት፣ ስልኩን የያዘው እጅም ሳይቀር ይጋርደዋል።

ማመሳከሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የመረጡት ኦፕሬተር የሚጠቀምባቸውን የባንድ፣ ማለትም የሞገድ ክፍል፣ ቁጥሮች ከራሱ ገጽ ወይም ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያግኙ። ቀጥሎ የስልኩን የሞዴል ቁጥር ይያዙ። የሚፈለገው የንግድ ስሙ አይደለም። በአንድ ስም የሚሸጥ ስልክ ለየአህጉሩ የተለያየ ሞዴል ቁጥር አለው፣ በውስጡ ያሉት ባንዶችም ይለያያሉ። ከዚያ የአምራቹን ዝርዝር ከኦፕሬተሩ ዝርዝር ጋር ቁጥር በቁጥር ያስተያዩ። በአውሮፓ 800 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው ባንድ 20 ጥሩ ምሳሌ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ ብዙ ስልኮች ይህ ባንድ አልነበራቸውም። ወደ አውሮፓ የወሰዳቸው ሰው መንገድ ላይ ፈጣን ኢንተርኔት ያገኛል፤ ቤት ሲገባ ወይም ከከተማ ሲወጣ ግን ሲግናሉ ይጠፋል።

የእኛ መመዘኛ ቀላል ነው፦ አንድ መካከለኛ ባንድ ቢጎድል ይቻላል፣ የኦፕሬተሩ ዝቅተኛ ባንድ ከጎደለ ስልኩን ይተዉት።

5ጂም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በ4ጂ ላይ ተደግፎ የሚሠራ ሲሆን ሌላው ራሱን የቻለ ነው። የመጀመሪያዎቹ የ5ጂ ስልኮች አንዳንዶቹ የሚያውቁት ተደጋፊውን ብቻ ነው። ራሱን የቻለ 5ጂ የሚዘረጋ ኦፕሬተር ከመረጡ ስልኩ ሁለቱንም እንደሚደግፍ ያረጋግጡ። የስክሪኑ ምልክት ግን አያታልልዎ። በ2019 መጀመሪያ ላይ አሜሪካዊው ኤቲኤንድቲ የተሻሻለ 4ጂ ለሚጠቀሙ ስልኮች 5ጂ ኢ የሚል ምልክት አሳይቶ ነበር፤ 5ጂ አልነበረም። ቦታው ላይ 5ጂው ደካማ ከሆነ ከሴቲንግ 4ጂ ብቻ ማድረግ ባትሪን ይቆጥባል፤ የሚያጡት ነገርም አይኖርም።

የድምፅ ጥሪ በ4ጂ፦ ሊዘለል የማይገባው ፍተሻ

4ጂ ሲፈጠር የቀድሞው ዓይነት የድምፅ መስመር የለውም። ቮልቲኢ የሚባለው ጥሪን በ4ጂ ላይ እንደ ዳታ የሚያስተላልፍ አሠራር ከሌለ ስልኩ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። እነሱ ሲዘጉ መውረጃ የለም። ኢንተርኔቱ እንደ ወትሮው እየሠራ ጥሪው ይቋረጣል።

አሜሪካ ውስጥ ሦስቱ ትልልቅ ኦፕሬተሮች 3ጂን የዘጉት በ2022 ነው። አውስትራሊያ በ2024 መጨረሻ ላይ ስትዘጋ የተገለጠው ደግሞ ይበልጥ አሳሳቢ ነበር። አንዳንድ ስልኮች መደበኛ ጥሪ በ4ጂ እያደረጉ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሲሆን ብቻ 3ጂን ይፈልጉ ነበር። እንዲህ ያሉት ስልኮች ከኔትወርኩ እንዲታገዱ ተደረገ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ስልኩ ቮልቲኢ አለው ሲባል በቂ እየመሰላቸው ነው። አይደለም። ቮልቲኢ የሚሠራው የዚያ ኦፕሬተር ቅንብር በስልኩ ሶፍትዌር ውስጥ ሲኖር ነው። ከሌላ አገር የመጣ ስልክ መሣሪያው ሙሉ ሆኖ ሳለ ቅንብሩ ስለሌለው ብቻ ሊከለከል ይችላል።

ፍተሻው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሲሙን አስገብተው ምልክቱ 4ጂ መሆኑን ይዩ። ዋይፋዩን ያጥፉና ለሰው ይደውሉ። ጥሪው ላይ እያሉ የምልክቱን ቦታ ይመልከቱ፦ ወደ 3ጂ፣ ወደ ኤች (H፣ 3ጂ ማለት ነው) ወይም ወደ ኢ (E፣ 2ጂ ማለት ነው) ከተቀየረ ቮልቲኢ አልሠራም። 4ጂ ላይ ከቆየና ጥሪው ሳይቋረጥ ድረ ገጽ ከከፈተ ሠርቷል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች *#*#4636#*#* ሲደውሉ በሚከፈተው ገጽ ላይም የአይኤምኤስ (በ4ጂ ጥሪን የሚያስኬደው ሥርዓት) ሁኔታ መመዝገቡን ማየት ይቻላል። ለመሞከር ብለው ግን የአደጋ ጊዜ ቁጥር አይደውሉ፤ የኦፕሬተሩን የተፈቀዱ ስልኮች ዝርዝር መጠየቅ ይበቃል።

ስልኩ ራሱ

ከካሜራው በፊት የሚጠየቀው የሶፍትዌር ማሻሻያ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ ነው። ጉግል ከፒክስል 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ዓመቱ የሚቆጠረው ግን ስልኩ ገበያ ከወጣበት ቀን ነው፤ እርስዎ ከገዙበት አይደለም። ፒክስል 8 የወጣው በኦክቶበር 2023 ስለሆነ በ2027 የሚገዛው ሰው የሚቀረው 3 ዓመት ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ ስልኮች፣ ሞዴሉ ለገበያ መቅረቡ ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለ5 ዓመት የስርዓተ ክወና ማሻሻያ እንዲያገኙ ሕጉ ያስገድዳል። ማሻሻያው ካቆመ ስልክ ላይ የባንክ አፖች አንድ ቀን መሥራት ያቆማሉ፤ ስልኩ ምንም ሳይሆን ከጥቅም ውጭ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ራም ላይ ሻጮች የሚጫወቱባት ነገር አለች፦ ካርቶኑ ላይ 8+8 ወይም 16 ጊጋባይት ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው 8 ከማከማቻው የተበደረ ነው፣ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ራም ጋር አይወዳደርም። የሚቆጠረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ማከማቻው ደግሞ 128 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ፣ ዓይነቱም ዩኤፍኤስ የሚባለው ፈጣኑ ይሁን። ኢኤምኤምሲ የሚባለው አሮጌው ዓይነት የገባበት ስልክ አዲስ ሳለ ይበቃል፤ አፕ ሲበዛበት መንቀርፈፍ ይጀምራል።

የሜጋፒክስል ቁጥር ብዙ አያስጨንቅዎ። 50 ሜጋፒክስል የሚባለው ካሜራ በተለመደው አሠራር አራት ነጥቦችን ወደ አንድ አዋህዶ 12.5 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚያወጣው። የሴንሰሩ ስፋትና የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ ሌንስ ይበልጣሉ። ባለ 2 ሜጋፒክስል ተጨማሪ ካሜራ ከጌጥ አያልፍም።

ባትሪው በሙሌት ዑደት ያረጃል። አፕል እስከ አይፎን 14 ያሉት ከ500 ዑደት በኋላ፣ ከአይፎን 15 ጀምሮ ያሉት ደግሞ ከ1,000 ዑደት በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ ተደርገው መሠራታቸውን ይገልጻል። አንድ ዑደት ማለት በድምሩ 100 በመቶ መጠቀም ነው፤ ዛሬ 60 ነገ 40 ቢጠቀሙ አንድ ሆነ።

ሲምን በተመለከተ አንድ ቦታ ለሲም ካርድ፣ አንድ ኢ-ሲም ያለው ስልክ ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አይፎኖች ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። ከዚያ የመጣ ስልክ ከመግዛትዎ በፊት ኦፕሬተርዎ ኢ-ሲም መስጠቱን ያረጋግጡ።

ያገለገለ ስልክ ሲሆን

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን በቅደም ተከተል ያድርጉ።

1. *#06# ይደውሉ። የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ፣ አይኤምኢአይ የሚባለው የስልኩ መለያ ቁጥር ከካርቶኑና ከሴቲንጉ ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ በስርቆት ወይም በዕዳ ታግዶ እንደሆነ ከኦፕሬተሩ ያጣሩ።

2. ሻጩ ከጉግል ወይም ከአፕል አካውንቱ ፊትዎ እንዲወጣና ከሴቲንግ ውስጥ ስልኩን እንዲያጸዳ ያድርጉ። እንደገና ሲነሳ ዋናው ስክሪን እስኪመጣ ድረስ አብረው ይጠብቁ። የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ከጠየቀ ግዢው እዚያ ያብቃ፤ "ማታ እልክልሃለሁ" የሚል ቃል አይቀበሉ።

3. የሌላ ኦፕሬተር ሲም አስገብተው ይደውሉ። በአይፎን ስለ ስልኩ በሚለው ገጽ ላይ የሲም ገደብ የለም የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይገባል።

4. ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎ ግራጫ ምስል ይክፈቱ። በኦሌድ ስክሪን ላይ የቆየ የኪቦርድ ጥላ ወይም አረንጓዴ መስመር የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። በሳምሰንግ *#0*# የመፈተሻ ገጽ ይከፍታል።

5. የድምፅ ቅጂ፣ የቪዲዮ ቅጂና ጥሪ ለየብቻ ይሞክሩ፤ ስልኩ ከአንድ በላይ ማይክሮፎን ስላለው አንዱ ቢሠራም ሌላው ሊሞት ይችላል። ቻርጀሩን ሰክተው ገመዱን በቀስታ ያወዛውዙ።

ውሃ አይነካውም የሚለውን ዋስትና ያገለገለ ስልክ ላይ ከቁጥር አያስገቡት። አይፒ68 የሚባለው የውሃ መከላከያ ደረጃ የተሰጠው አዲስ ሳለ ነው፤ ማሸጊያው ያረጃል፣ ባትሪ ለመቀየር አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ጭራሽ አይታመንም። የአይኤምኢአይ ቁጥሩና የሻጩ ስም የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ። በየወሩ በሚከፈል ክፍያ የተወሰደ ስልክ ሻጩ መክፈል ሲያቆም ከወራት በኋላ ሊታገድ ስለሚችል ያለ ደረሰኝ የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም።

ጥቅሉ ላይ የሚታለፉ ጥያቄዎች

ስልክን ከውል ጋር የሚሰጥ ኦፕሬተር ካለ አጠቃላይ ወጪውን ያስሉ፦ ወርሃዊው ክፍያ በውሉ ወራት ተባዝቶ፣ ቅድሚያ የሚከፈለውና የማስጀመሪያው ተደምሮ፣ ቅናሹ ተቀንሶ። ከዚያ ስልኩን ለብቻ ገዝቶ ርካሹን ጥቅል መውሰድ ስንት እንደሚመጣ በዚያው የወር ብዛት ያነጻጽሩ። ቅናሹ በየወሩ ተቆርሶ የሚሰጥ ከሆነ ቀድመው ሲወጡ የቀረው ይቀራል።

"ያልተገደበ" የሚለው ቃል ሥር ሁልጊዜ ትንንሽ ጽሑፍ አለ። ከስንት ጊጋባይት በኋላ ይቀንሳል? ወደ ስንት? ወደ 128 ኪሎቢት የሚወርድ ከሆነ 1 ሜጋባይት ለማውረድ 1 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 3 ሜጋባይት የሆነ አንድ ፎቶ ከ3 ደቂቃ በላይ። ሆትስፖት ይፈቀዳል ወይ፣ ከስንት ጊጋባይት በኋላ ይቆማል? ቪዲዮ በዝቅተኛ ጥራት ይገደባል ወይ? የተረፈው ዳታ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል? ሮሚንግ (ውጭ አገር በሌላ ኔትወርክ መጠቀም) በራሱ ይከፈታል ወይስ እርስዎ ሲጠይቁ? መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

ቁጥርዎን ይዘው ሲቀይሩ

ትልቁ ስህተት አሮጌውን መስመር ቀድሞ ማዘጋት ነው። የተዘጋ ቁጥር አይዛወርም። መስመሩ እየሠራ ሳለ አዲሱ ኦፕሬተር ጥያቄውን ያቅርብ፤ አሮጌው የሚዘጋው ቁጥሩ ሲሻገር ነው። በሁለቱም ዘንድ የተመዘገበው ስም አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድመው ይዩ፤ የፊደል ልዩነት እንኳ ጥያቄውን ያስመልሳል። ዝውውሩን ለሥራ ቀን ጠዋት ያድርጉት፣ የሆነ ነገር ቢሳሳት የሚያናግሩት ሰው እንዲኖር።

በመካከሉ ለሰዓታት መልእክት ላይገባ ይችላል። የባንክና የኢሜይል ማረጋገጫ ኮድ በጽሑፍ መልእክት የሚመጣልዎ ከሆነ ቀድመው ወደ ኮድ ማመንጫ አፕ ያዛውሩት።

የኢ-ሲም ኪውአር ኮድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ነው፣ ለማውረድም እንደ ዋይፋይ ያለ የኢንተርኔት መስመር ይፈልጋል። ኮዱን በሌላ ስክሪን ወይም በወረቀት ይያዙት፣ ስልክዎ የራሱን ስክሪን በካሜራው ማንሳት አይችልምና። ስልኩን ሲያጸዱ ኢ-ሲም ይጥፋ ወይ ብሎ ከጠየቀ አሁንም የሚጠቀሙበት ከሆነ እንዳያጠፉት።

ሲሙ ገብቶ ጥሪ እየሠራ ዳታ እምቢ ካለ ኤፒኤን የሚባለውን፣ ስልኩን ከኦፕሬተሩ ኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን ቅንብር ይመልከቱ። የአሮጌው ኦፕሬተር ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ወደ መነሻው መልሰው ስልኩን አጥፍተው ያብሩ። ችግሩ ካልጠፋ አዲሱ ኦፕሬተር የሚሰጥዎትን የኤፒኤን ስም ፊደል ሳያሳስቱ ይጻፉ።

የሲም ፒን፣ ማለትም ስልኩ ሲነሳ ሲሙ የሚጠይቀውን የሚስጥር ቁጥር፣ ከሴቲንግ ያብሩ፤ ስልኩ ቢሰረቅ ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ ሰክቶ ኮድዎን መቀበል አይቻልም። 3 ጊዜ ከተሳሳቱ ፒዩኬ የሚባል የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፣ እሱን 10 ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ለዘለዓለም ይሞታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተሰጠውን ፒን ሳያውቁ በግምት አይሞክሩ። ኦፕሬተሩ ዘንድ ላለው አካውንትዎም የተለየ የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ። ሲግናል ባለበት ቦታ ስልክዎ ድንገት አገልግሎት የለም ካለና ዳግም አስነስተውትም ካልተመለሰ፣ ቁጥርዎን ሌላ ሰው በሌላ ሲም አውጥቶት ሊሆን ስለሚችል በሌላ ስልክ ወዲያው ለኦፕሬተሩ ከዚያም ለባንክዎ ይደውሉ።

አዲሱን መስመር ከያዙ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ፣ ከላይ የለኩባቸውን ቦታዎች በዚያው ሰዓት ደግመው ይለኩ። በአዲሱ ስልክ ላይ በተመሳሳይ ሲም ቁጥሩ ከ6 በላይ ወርዶ ካገኙት መጀመሪያ መያዣውን አውልቀው ይሞክሩ፣ በተለይ ብረት ወይም ማግኔት ካለው። ካልተሻሻለ ስልኩን ይመልሱ።